የሩፋኤል ዝናብ በአረቄ መለኪያ

ነሐሴ 28 ቀን 1949፣ ጠዋት 3፡15
ዝናብ 9 ሚሊሜትር። ንፋስ ደካማ። ውሃውን ለካሁ፣ ደፋሁ፣ ዕቃውን ወደ ቦታው መለስኩ። ከዚያ ደብዳቤ ደረሰ።

ማስታወሻዬ፣ ጉድ ፈልቷል። የአዲስ አበባው መ/ቤት የአሥራ ስድስት ዓመት የዝናብ መዝገባችንን ሲያገላብጥ ጳጉሜን የሚባል ወር አጣበት። እውነት ነው። ጣቢያውን የተከለው ጣሊያን ነው፤ ሲሄድ የተወልን መዝገብ በዓመት አሥራ ሁለት ገጽ ነው። ከእኔ በፊት የነበሩት ከመስከረም እስከ ነሐሴ ሞሉት፣ ለጳጉሜን ገጽ አልተረፈም። እኔም ባገኘሁት ቀጠልኩ። ደሞዝ የሌለው ወር ዝናብ ይኖረዋል ብሎ ማን አሰበ?

ትእዛዙ፦ ዘንድሮ አምስቱም ቀን ተለክቶ ካልተላከ ጣቢያው ይዘጋል፣ እኔም ጎጆ ወደምትባለው የደጋ ከተማ እዛወራለሁ። የጎጆ ብርድ አጥንት ይሰብራል፤ እሱስ ይቻላል። ባለቤቴ አስቴር ግን የምታስተምረው እዚሁ አምቦ ነው። ከተጋባን ገና ስድስት ወራችን።

ጳጉሜን 1
ዝናብ 4። በባዶ ወረቀት ላይ በማስመሪያ አዲስ ገጽ ሠራሁ። አስቴር ከአሥራ ሁለቱ ይህቺ ታምራለች አለች።

ጳጉሜን 2፣ ማታ
ዛሬ 2 ብቻ። ሦስት ቀን ቀረኝ። ደስ ብሎኛል። ነገ ሩፋኤል ነው፣ ሰማዩ ከአሁኑ ጠቁሯል።

ጳጉሜን 3፣ ጠዋት 3 ሰዓት
ዕቃው ባዶ። ሲያወርደው አድሮ ጠብታ የለበትም።

ዘበኛችን ኦቦ ደበላ ምንም አልመሰላቸውም። ጎረቤታችን አረቄ ሻጯ እትዬ ብርቄ በማለዳ መጥተው ለጠበል ወስደውታል። የሩፋኤል ዝናብ፣ ጣራ ያልነካው። «ሁልጊዜ ስትደፋው አያለሁ፤ የተባረከውንም ልትደፋው ነው ወይ፣ ማሎ፣ እባክህ» አሉኝ ኦቦ ደበላ።

4፡10
እትዬ ብርቄ ዘንድ ሮጥኩ። የወሰዱበት ጠርሙስ ባዶ፤ ለጎረቤት ሁሉ አዳርሰዋል። ጎጆ ገባሁ አልኩ በልቤ። እሳቸው ድርሻ ስለቀረብኝ የከፋኝ መስሏቸው፣ «ላንተማ አስቀምጫለሁ ልጄ» ብለው አንድ የአረቄ መለኪያ ሙሉ ውሃ አወጡልኝ። ማንም እንዳይቀየም ለሁሉም አንድ አንድ መለኪያ፣ እስከ አፉ ሞልተው ሰጥተዋል። ስንት ሰው ደረሰው? በጣታቸው፣ በየስማቸው ቆጠሩልኝ፦ አሥራ ሦስት። ከእኔ ጋር አሥራ አራት።

በእጄ ከድኜ ወደ ጣቢያው በረርኩ። ወደ መለኪያ ብርጭቆዬ ገለበጥኩት፦ አንድ ተኩል። በአሥራ አራት ሲባዛ 21 ሚሊሜትር። በድርሻዬ ፊቴን ታጠብኩበት። ብቻዬን ሳቅኩ።

ጳጉሜን 4
ዝናብ 7። አስቴር የትናንቱን 21 ብለህ ዝም በል፣ ማን ያውቃል ትላለች። ልክ ናት፣ ማንም አያውቅም። በጠርሙሱ የቀረ ጠብታ፣ መንገድ ላይ የፈሰሰ ቢኖርስ? ምሳ አልበላልህ አለኝ።

ጳጉሜን 5፣ ከሰዓት 9፡30
ዝናብ የለም። ገጹ ሞላ። ከ3ኛው ቀን ጎን እንዲህ ጻፍኩ፦ «21። ውሃው ለጠበል ተወስዶ ስለነበረ በአረቄ መለኪያ ተሰፍሮ የተገኘ።»

አስቴር ቆማ አነበበችው። ፈራሁ። ቀጥላ ጎጆ ትምህርት ቤት አለ ወይ ብላ ጠየቀች። አለ አልኳት። እንግዲያው ከሄድን አብረን ነው፣ ብቻ ወፍራም ጋቢ ይፈለግ አለች። ፖስታውን በእጇ አሸገችው፤ ፖስታ ቤት ሳይዘጋ ልሩጥ።