የጠፉ መንደሮችን ፖስታ ቤት ሲፈልጉ የኖሩት «አድራሻ»

የሥራ ባልደረቦቻቸው «አድራሻ» እያሉ የሚጠሯቸው አባታችን ከልብስ ሰፊ እናታቸውና ከግንበኛ አባታቸው በ1939 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱባት መንደር ዛሬ የለችም። የጉድጓዷ ውሃ ሲነጥፍ ሰዉ ተራ በተራ ለቀቀ፤ በመጨረሻም ፖስታ ቤቷ ተዘጋ።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው፣ ሁለተኛ ደረጃን ከተማ ወጥተው ተከታተሉ። በትምህርታቸው የላቁ ነበሩ ብንል እሳቸው ራሳቸው ይታዘቡናል፤ የሰው እጅ ጽሑፍ በማንበብ ግን የሚደርስባቸው አልነበረም። በ1959 ዓ.ም. በዋናው ፖስታ ቤት ደብዳቤ ለያይ ሆነው ተቀጠሩ፤ ጡረታ እስኪወጡም ከዚያች ክፍል አልተነቃነቁም። ግድግዳውን የሞላው መደርደሪያ ለእያንዳንዱ መንደር አንድ ሣጥን ነበረው። አንድ መንደር ሲፈርስ አለቃቸው ስሙን ልጠው የሌላ ይለጥፉበት ነበር። አባታችንን ያንገበግባቸው የነበረው ይህ ነው።

በ1966 ዓ.ም. ከእናታችን ጋር ትዳር መሥርተው ሴትና ወንድ ልጅ አፍርተዋል። እናታችን እኛ ነፍስ ሳናውቅ ዐረፉ። አባታችን ሌላ አላገቡም። እኛም አድገን ስንወጣ ቤቱ ጭር አለ። ራዲዮ ከፍተው ይቀመጡ ነበር እንጂ አይሰሙትም ነበር።

ጡረታ እንደወጡ የጠፉ መንደሮችን ፍለጋ ተነሡ። የቀድሞ ነዋሪዎችን ወደ ቦታው ይዘው ሲሄዱ «ፖስታ ቤቱ የት ነበር?» ብለው አይጠይቁም፤ ሁሉም የየራሱን አቅጣጫ ያሳያልና። «ደብዳቤ ስትጠብቁ የት ነበር የምትቆሙት?» ይላሉ። ያኔ አዛውንቱ ሁሉ ሳያመነታ ሄዶ ይቆማል። እዚያ የመንደሩን ስም የጻፉበት ድንጋይ ይተክላሉ። ጎረቤቶቻቸው «የሌለ መንደር ያውቃሉ፤ የኛን በር ግን አያውቁም» እያሉ ያሟቸው ነበር። ሐሜቱ እውነት ነበረው።

የቀረቻቸው የገዛ መንደራቸው ነበረች። እሳቸው ከወጡ በኋላ ፖስታ ቤቷ ቦታ ቀይሮ ነበርና አያውቁትም። በሕይወት ካሉት ውስጥ የሚያውቁት መንደሯን መጨረሻ ላይ የለቀቁት ታላቅ ወንድማቸው ብቻ ነበሩ። ሁለቱ ግን ታላቅየው «እናታችንን ጥለህ ሄድክ» ካሏቸው ቀን ጀምሮ ተኳርፈው ዓመታት አልፈዋል። ልጃቸው «አባዬ፣ ደውልላቸው እንጂ» ስትላቸው «ባዳ መጠየቅ ይቀላል» ይሉ ነበር። የያዛቸው የኩላሊት ሕመም ሲጸና ግን ኩራታቸውን ዋጥ አድርገው ደወሉ። ወንድማቸው ስልኩን አንሥተው ጥያቄያቸውን ሰሙ። ከዚያ «መኪና ይዘህ ና» አሏቸው።

ባዶው ሜዳ ላይ ሲደርሱ ታላቅየው ዱላቸውን ተመርኩዘው ሄዱና አንድ ቦታ ላይ ቆሙ። «እዚህ ነው። ፖስታ በመጣ ቁጥር እናታችን እዚህ ትቆማለች። ያልጻፍክ ጊዜም ትቆማለች» አሏቸው። አባታችን እንደ ሕፃን አለቀሱ። ድንጋዩን ሁለቱ ተጋግዘው ተከሉት።

አባታችን በሕክምና ሲረዱ ቆይተው የካቲት 9 ቀን 2014 ዓ.ም. በተወለዱ በሰባ አምስት ዓመታቸው ዐርፈዋል። ሁለት ልጆችን፣ ሦስት የልጅ ልጆችንና ዛሬ ከሬሣ ሣጥናቸው አጠገብ የተቀመጡትን ታላቅ ወንድማቸውን ትተዋል። ለመሰናበቻ የሚሆን ቃል ስንጠይቃቸው ወንድማቸው ይህን እንድናነብ አዘውናል፦ ነፍስህን ይማር፣ ወንድሜ። እናታችን እስካሁን ቆማ ከሆነ፣ «መጥቻለሁ፣ ቁጭ በይ» በላት።