ለሚስተር ቾይ የመረጥኩት ምግብ ቤት

አርባ ምንጭ፣ ጥር 1990

አገኘሽ ዓለሜ፣

የመንገድ ሥራው አለቃችን ሚስተር ቾይ የአገሩን ጎመን በበርበሬ አቅምሶኝ ሳለቅስ ስቆብኝ ነበር። ስለዚህ ለኮሪያውያኑ እራት ምግብ ቤት ምረጪ ስባል ሆቴሉን ትቼ ወይዘሮ ጌጤ ዓሣ ቤት ወሰድኳቸው። ዳጣ የሚሉት የቃሪያ ማባያ አላቸው፤ የእናትሽ አዋዜ አጠገቡ ማር ነው።

“ለዚያ ሰውዬ በደንብ የሚለበልበውን” ብዬ በጆሯቸው ነገርኳቸው።

“ልጄ፣ ሰው ልትገድዪ ነው?” አሉኝ።

ሚስተር ቾይ ዓሣውን አጥቅሶ ጎረሰ። ፊቱ ቀላ፤ ዓይኑን ጨፈነ። ውስጤ ሳቀ። ቀስ ብሎ ዋጠና፣ “ሴትዮዋን ጠይቂልኝ፤ ከነገ ጀምሮ የሠራተኛውን ምሳ ታብስልልን” አለኝ።

ይኸው ሳምንቴ፣ እያለቀስኩ እበላለሁ። ፖስት ካርዱ ሞላ፤ እናትሽን ሳሚልኝ፣ ለሆዴም ጸልዩለት።

ያንቺዋ መክሊት