መርፌው አልገደለህም

ደምስዬ፣

ሙት ዓመትህ ካለፈ ሁለት ሳምንት ሆነው። በሰላም አርፈሃል እንዳልልህ፣ እዚህ ሰፈር የሚያሳርፍህ ሰው የለም። ስምህ ከአፋቸው አይጠፋም።

ቤቱ ያው ነው። ጣሪያው በአንተ በኩል ማፍሰስ ስለጀመረ አልጋውን ወደ በሩ ሳብኩት። የቃሊቲ መንገድ ከባድ መኪኖች ዛሬም ጎህ ሳይቀድ ይቀሰቅሱኛል። አንተ ሞተሩን ሰምተህ የማን መኪና እንደሆነ ትነግረኝ ነበር፤ ግማሹን እንደምትዋሽ ባውቅም ደስ ይለኝ ነበር።

የምጽፍልህ ስለ እህትህ ስለ አልማዝ ነው። ማረሚያ ቤቱ በር አጠገብ ያለችውን ሱቋን ከዘጋች ሰነበተች። ከስታ አጥንቷ ቀርቷል። አልትራሳውንድ ስትነሳ ጉበቷ ላይ እብጠት ተገኘ፤ እንዳንተው በግራ በኩል፣ ጠልቆ፣ ከውጭ በመርፌ ለመድረስ የሚያስቸግር ቦታ ላይ። ሐኪሟም ያንተኑ ምርመራ አዘዘላት፤ ጫፉ ላይ አልትራሳውንድ ያለውን ቱቦ በአፍ ወደ ጨጓራ አስገብተው፣ እብጠቱን እያዩ በቀጭን መርፌ ናሙና የሚወስዱበትን። እምቢ አለች። «ወንድሜን የበላው እሱ መርፌ ነው» አለች።

ወሬው የተወለደው ከድንኳንህ ነው። አፈርህ ሳይደርቅ እድርተኛው ተቀምጦ «ብረት ባይነካው ኖሮ አይበተንም ነበር» ሲባባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አንተም በቁምህ «እብጠት ብረት ከነካው ይበተናል» ሲባል ሰምተህ አይደል ስንት ወር ያስለመንከን? ንዴቴ እስካሁን አልበረደልኝም፤ ሞተሃል ብዬ አልደብቅህም። በመጨረሻ እሺ ብለህ የገባህ ቀን ጫማህን አውልቀህ አስያዝከኝ። ከማደንዘዣው ስትነቃ ጉሮሮህን ከመከርከሩ በቀር ምንም እንዳልተሰማህ ነግረኸኝ ሻይ አማረህ። ለዚህ ነበር እንዴ ያ ሁሉ ፍርሃት?

ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሙ መርፌው ከመግባቱ በፊት የተነሳውን ምስል አሳየኝ። ከትልቁ እብጠት ዙሪያ ሌሎች ትንንሾች ነበሩ። ቀድሞውኑ ተበትኖ ነበር። መርፌው የበሽታውን ስም፣ ካንሰር መሆኑን ነገረን እንጂ ሌላ ያደረገው ነገር የለም።

ትናንት በአልማዝ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ይህን ሁሉ ነገርኳት። ብዙ አለቀሰች። ከዚያ «የኔም ተበትኖ ቢሆንስ?» አለችኝ። ሊሆን ይችላል አልኳት። ለመዋሸት አፌ እምቢ አለኝ። ሰኞ ለምርመራው እንድወስዳት ጠየቀችኝ። ብትድን ባትድን አላውቅም፤ ዓይኗ ቢጫ ሆኗል፣ እፈራለሁ።

ደምስዬ፣ አንተን መርሳት አይሆንልኝም። ሰፈሩ በሚያስታውስህ መንገድ ግን አላስታውስህም። በአንተ ሞት እየማሉ ሰው ከሐኪም ሲያስቀሩ ከሰማሁ፣ ለቅሶ ቤትም ቢሆን ተነስቼ እናገራለሁ፤ ባሌን መርፌ አልገደለውም፣ መርፌው ሲደርስ እሱ መንገድ ጀምሮ ነበር።

ባለቤትህ ጥሩነሽ