ዙሪያው የገጠመ ቤት

ጥር 9
ሰቆጣ ዙሪያ ገባን። ፀሐዩ ጥሩ፣ ሻዩ ቀጭን። የፊልሙን ቤት የምሠራው እትዬ ማሬ መሬት ላይ ነው። ፕሮዲውሰራችን ብዙነህ ገና ዕቃ ሳላወርድ...
"ምስራቅዬ፣ ፊቱን ብቻ ገንቢ። ጀርባውንና ጣሪያውን ኤርምያስ በኮምፒውተር ይጨርሰዋል። በጀቱ ተይዟል።"
እንግዲህ አርት ዳይሬክተር ነኝ ወይስ ግድግዳ ለጣፊ? ስንት ፊልም ሠርቼ ዙሪያው የገጠመ ቤት አንድ እንኳን የለኝም። ተናደድኩ።

ጥር 16
ፊቱ አለቀ። ያምራል... ከጎን ካላዩት። ከኋላው ኤርምያስ ቀሪውን በኮምፒውተር የሚሞላበት አረንጓዴ ጨርቅ ወጠርን። እትዬ ማሬ ዞር ዞር ብለው አዩት።
"ልጄ፣ ብር አለቀባችሁ?"
"የለም እትዬ፣ ቀሪውን ኮምፒውተር ይሠራዋል።"
ከንፈራቸውን መጠጡ። አዘኑልኝ መሰለኝ።

ጥር 17
ለገበያው ትዕይንት ወደ አምደወርቅ። አቧራ በአቧራ።

ጥር 25
ተመለስን። ቤቱ አልቋል! አገሩ ደቦ ወጥቶ ጀርባውን ገንብቶ፣ ሣሩን ከድኖ ጠበቀን። አረንጓዴው ጨርቅ ታጥፎ መደቡ ላይ...
"ቤት ተጀምሮ ሲቀር ዝም ብለን እንይ?" አሉ እትዬ ማሬ። "ስትጨርሱ እኔ እገባበታለሁ። የልጄ ቤት ጠቦናል።"
ሳቅሁ፣ አለቀስኩ። ብዙነህም ሳቀ። ከዚያ ስክሪፕቱን ገለጠ።
"ሙሉ ከሆነማ የቃጠሎውን ትዕይንት በእውነተኛ እሳት እንሥራው። የኮምፒውተር እሳት ውድ ነው።"


ጥር 26
ደቦ የወጣውን ሰው በምን ዓይኔ ልየው? ኤርምያስ ጋ ሄድኩ። እኔ! ኮምፒውተሩን ሲከፍት ፊቴን የማዞረው...
"ኤርሚ፣ ጀርባውና ጣሪያው ቀርቶልሃል አይደል? በዚያ በጀት እሳት ሥራልኝ።"
"ኮምፒውተር ጠላትሽ አልነበረም?"
"ነበር። አሁን እየለመንኩህ ነው።"
ሳቁን ሲጨርስ አብረን ብዙነህ ዘንድ ገባን። ተጨቃጨቅን፣ ተኮራረፍን... በመጨረሻ "እሺ፣ አትነዝንዙኝ" አለ። ተመስገን።

የካቲት 28
የተከራየነውን ዕቃ ልመልስ ሰቆጣ መጣሁ። እትዬ ማሬ ገብተውበታል። ዶሮዎቻቸውም። ኤርምያስ የላከልኝን ቃጠሎ በስልኬ አሳየኋቸው። ጣሪያው ሲነድ፣ ግድግዳው ሲፈርስ...
"በስመ አብ! ቤቴን!"
ብድግ ብለው ግድግዳውን ዳሰሱት። ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ። ከዚያ ሳቃቸው መጣ፤ በር ላይ ቆመው ጎረቤቱን በአገሩ ቋንቋ በኽምጣና ተጣሩ። ቤቱ በአንዴ ሞላ። እትዬ ማሬ ከፊት ተቀመጡና ስልኩን ወደ እኔ ገፉት።
"በይ ልጄ፣ እንደገና አቃጥይው።"