«የእኛ ነው» ያልኩት ዜማ

ለምወድህና ለማከብርህ ታላቅ ወንድሜ፣ ለጋሼ እሸቴ፦

ጋሼ፣ እንዴት ነህ? ሕመሙ ቀለል አለህ ወይስ ያው ነው? እህልስ ትቀምሳለህ? ባለቤትህ እትዬ ሲንቄስ እንዴት ናት? አንተን ስታስታምም እሷም እንዳትወድቅ እፈራለሁ። እህታችንን ብዙነሽን በስልክ ሐኪሙ ምን አለ ብዬ ብጠይቃት ወሬውን ወደ ናዝሬት ንፋስ አዞረችብኝ። ፈቃድ ያገኘሁት ለግንቦት ነው፣ ግንቦት ላይ እመጣለሁ ስላት ደግሞ ዝም አለች። እኔም አልደገምኩም። እዚህ ላይ «ካንተ ናፍቆት በቀር ደህና ነኝ» ብዬ መጻፍ ነበረብኝ፤ ግን ደህና አይደለሁም። አካሌን ምንም አላለኝም፣ ሥራዬም ያው የሽማግሌዎች መጦሪያው ውስጥ ነው። ያመመኝ ሌላ ነው።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የባንዳችን ሲዲ ይደርስሃል። ገና ላስቲኩን እንደላጥክ ጀርባውን እንደምትገለብጥ አውቃለሁ፤ ስሜ ተጽፏል ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ እንዳልካት ብዙነሽ ነግራኛለች። አልተጻፈም፣ ጋሼ። ሰባተኛው ላይ ያንተው ዜማ «ፈረቃ ሲለወጥ» አለ፤ ከአጠገቡ በእንግሊዝኛ ያለው ጽሑፍ «የሕዝብ ዜማ፣ ደራሲው ያልታወቀ» ማለት ነው። ሌላ ሰው አንብቦ ከሚነግርህ ከእኔ ስማው ብዬ ነው። ጥፋቱም የፈረንጆቹ አይደለም፤ የእኔ ነው።

ዱጋሳን ካስታወስከው፣ ታክሲ የሚነዳውና ኪቦርድ የሚጫወተው ጓደኛዬ ነው፤ ወደዚህ ትልቅ የጃዝ ባንድ ያስገባኝ እሱ ነው። አስራ ስድስት ሰዎች ነን። ከአገራችን እኔና እሱ ብቻ ስንሆን የቀሩት የሙዚቃ ተማሪዎችና ጡረታ የወጡ አስተማሪዎች ናቸው። ዓላማቸው የድሮ የሠራተኛ ሰፈር ሙዚቃን መልሶ ማንሳት ስለሆነ የእኛን የስኳር ፋብሪካ ካምፕ ባንድ ካሴት፣ የ1965ቱን፣ ይዤላቸው ሄድኩ። መሪያችን ነጭ ጸጉር ያለው ረጋ ያለ ሰው ነው። ዓይኑን ጨፍኖ እስከ መጨረሻው አዳመጠና ይህን ዜማ ማን ሠራው ብሎ ጠየቀኝ። እኔም «የእኛ ነው» አልኩት።

አየህ፣ እኛ ቤት «የእኔ» ማለት ነውር ነው። አንዲት ዶሮ ያለችው ሰው እንኳን ዶሯችን ይላል። ወንድሜ ነው የሠራው ብል ጉራ መሰለኝ። ሰውዬው ግን «የእኛ» ስለው የአገሩ ሁሉ ነው፣ ባለቤት የለውም ብሎ ጻፈው። እዚህ ተወልዳ ያደገችው ልጄ ኤልሻዳይ ይህን ስነግራት፣ በዚያው በእንግሊዝኛዋ፣ ታዲያ ወንድሜ ነው ማለት ምን ይከብድ ነበር አለችኝ።

ነገሩ ይሉኝታ ብቻ ቢሆን እንዲህ አያንገበግበኝም ነበር። ካምፑ ውስጥ ማን በስሜ ሙላው ብሎ ጠርቶኝ ያውቃል? ሦስተኛ ሳክስፎን ነበርኩ፤ ስሜም «የእሸቴ ወንድም» ነበር። ያን ቀን አስራ አምስት ሰው ዞሮ እኔን ሲያየኝ ጊዜ ዜማው ለአንድ አፍታ የእኔም እንዲመስል ፈለግሁ። «የእኛ» የምትለዋ ቃል ውስጥ ገብቼ ተደበቅሁ። በስልሳ ሦስት ዓመቴ ቀናሁብህ፣ ጋሼ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ መመለሻ የለውም።

ካሴቱ ያጋልጠኝ ነበር፤ እሱም አልሆነም። የባንዳችን አስተዋዋቂ በሪሁን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ማይክሮፎኑን ይዞ «አሁን ደግሞ ፈረቃ ሲለወጥ፣ ድርሰቱ የ…» ሲል የአስር ሰዓቱ የፋብሪካ ሳይረን ይጮኻል። ስምህን ዋጠው። ሳይረኑ ሲያበቃ አንተ በትራምፔትህ ገብተሃል። መሪያችን ያን ጩኸት የዜማው መግቢያ መስሎት በኖታ ጽፎ ለአራቱ ትሮምቦኖች ሰጣቸው! መጀመሪያ ቀን ሲነፉት እኔና ዱጋሳ ሳቃችንን መቆጣጠር አቃተን። ልንገራቸው ስለው «ብራዘር፣ አሁን ኮሬክት ብታደርጋቸው ሶንጉን ካንስል ያደርጉታል» አለኝ። እኔም ሰበብ አገኘሁና ዝም አልኩ።

ሲዲው ታትሞ ካየሁት በኋላ ግን መሪያችን ጋ ሄጄ ሁሉንም ዘረገፍኩለት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ሰውዬው ፊቱ ቀላ፤ ደጋግሞ ይቅርታ ጠየቀኝ። ቀጥሎ ወረቀት አለህ ወይ፣ የሚመሰክር ሰውስ አለ ወይ አለኝ። ማንን ልጥራ? በሪሁን የለም፣ ድራመራችን የለም፣ እንጫወትበት የነበረው ክበብም ፈርሷል ብለኸኛል። ቢኖሩስ ምን ዋጋ አለው፤ ሲዲው ዳግመኛ አይታተምም። ባንዱም በሚቀጥለው ወር ይበተናል። ተማሪዎቹ ተመርቀው ይሄዳሉ፣ ዱጋሳ ወደ ሲያትል ሊዛወር ዕቃውን እየሸከፈ ነው። ለነገሩ ስንጫወት ሊያየን ከሚመጣው ሰው ባዶው ወንበር ይበዛል። ስምህ ያለበት ሌላ ሲዲ እልክልሃለሁ ብዬ ልዋሽህ አልችልም።

ባለፈው ቅዳሜ ስኔሊንግ አቨኒው አጠገብ ባለ አዳራሽ ተጫወትን። ትሮምቦኖቹ ሳይረኑን ሲጀምሩ እኛ ሳክስፎኖች ዕረፍት ነን። ሳክስፎኑን ከአፌ አነሳሁና በሪሁን የጀመረውን ጨረስኩለት፤ «ድርሰቱ የእሸቴ ነው» አልኩ፣ ባለኝ ድምፅ ሁሉ። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ እንኳን አልሰማችኝም። ሰዉ ለሳይረኑ አጨበጨበ።

ይቅር በለኝ አልልህም፤ ስለማውቅህ ነው፣ ወዲያው ትለኛለህ። አንድ ነገር ብቻ አድርግልኝ። ሰባተኛውን ስታስከፍት እትዬ ሲንቄ አጠገብህ ትሁን፤ ሳይረኑ ሲጮኽ በጆሮህ ስምህን ትጥራልህ።

እትዬ ሲንቄን ጉልበቷን ስሜያለሁ በልልኝ። ብዙነሽን፣ ዝም ስላለችኝ አልተቀየምኩም፣ ገብቶኛል በላት። ልጅህን ገላኔን ከነልጆቿ አገላብጠህ ሳምልኝ፤ ትንሿ ትራምፔትህን መነካካት ጀምራለች ስላሉኝ አትቆጣት፣ ተዋት ትንካው። ኤልሻዳይም አጎቴን ሰላም በልልኝ ብላለች፤ ይቺን እንኳን በአማርኛ ነው ያለችው።

የእሸቴ ወንድም

ሜፕልዉድ፣ ሚኒሶታ
ጥር 19 ቀን 2011 ዓ.ም.