የታጠበው እንቁላል

ለምወድሽ እህቴ፣ ለእታለም፦

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ደረጃ ስወጣ ይይዘኛል ያልሽኝ ለቀቀሽ ወይስ ዛሬም እንደያዘሽ ነው? እማዬስ፣ ሳሏ ተወት አደረጋት? ወንድም ጋሼን ሥራው እንዴት ይዞታል? ልጆችሽስ እንዴት ናቸው፣ ትልቋ አሁንም ለሁሉም ነገር መልስ አላት? እኔ የእያንዳንዳችሁን ለየብቻ መስማት ነው የምፈልገው፤ አንቺ ግን «ሁላችንም ደህና ነን» ብለሽ በአንድ መስመር ትገላገይኛለሽ። እኔና ልጄ በጤና አለን። እንበላለን፣ እንተኛለን፣ ጠዋት ተነስተን እኔ ሥራ እሷ ትምህርት ቤት እንሄዳለን። ደስታውን ብቻ አትጠይቂኝ።

ባለፈው ስንደዋወል «ዶሮዎችሽ ምነው ዛሬ ድምፃቸው ጠፋ?» ብለሽኝ ነበር። ዝናብ ነው፣ ቤታቸው ገብተዋል አልኩሽ። ዋሸሁሽ እታለም። ዝናብም አልነበረም፣ ዶሮም የለም። እውነቱን እንዳልነግርሽ ልጄ አጠገቤ ነበረች፤ ደግሞም አንቺ «ወይ ጉድ!» ስትይ መስማት አልቻልኩም። በወረቀት ይሻለኛል፣ ቢያንስ ስናገር አታቋርጪኝም።

የምሠራበትን ታውቂዋለሽ፤ የአረጋውያን መጦሪያ ልብስ ማጠቢያ ነው። ምድር ቤት ስለሆነ፣ መስኮቱም ከጣሪያው ሥር ስለሆነ ቀኑን ሙሉ የሚታየኝ የአላፊ አግዳሚ ጫማ ብቻ ነው። ስድስት ማጠቢያና ሦስት ማድረቂያ አለን፤ ክፍሉ ክረምት ከበጋ እንደ ዳቦ ቤት ይሞቃል። አብራኝ የምትውለው የተቀደደ አንሶላ የምትሰፋ ሴት ናት፣ ጠጋኟ እንላታለን። የመጦሪያው ሹፌርም በእረፍት ሰዓቱ ሻዩን ይዞ እኛ ጋ ይወርዳል፤ ሙቀቱን ብሎ ነው እንጂ እኛን ብሎ አይደለም።

አምስቱን ዶሮዎች ያመጣኋቸው ከሦስት ዓመት በፊት፣ ይህን ጓሮ ያለውን ቤት የተከራየን ጊዜ ነው። ቤታቸውን ሰው ከጣለው ቁም ሣጥን ሠራሁላቸው። መጣል ሲጀምሩ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ ስድስት እንቁላል በጨርቅ ጠቅልዬ ለሥራ ባልደረቦቼ ወሰድኩ። ጠጋኟ አንዱን በሁለት ጣቷ አንስታ «ይሄ ምንድን ነው?» አለችኝ። ላባ ነው አልኳት። «እንቁላል ላይ ላባ ምን ይሠራል?» አለች፣ የሰረቅሁት ይመስል። ሹፌሩ ደግሞ በየት በኩል እንደሚወጣ ጠየቀኝ። ስነግረው ሻዩን አስቀመጠ። «እኔ ከሱቅ የመጣ እንጂ ከዶሮ የወጣ እንቁላል አልበላም» አለ። ይኼ ሰው ጠዋት ጠዋት ሁለት የተቀቀለ እንቁላል በዳቦ ሳይበላ መሪ የማይጨብጥ ሰው ነው! ጠጋኟ «አውራ ዶሮ አለሽ?» አለችኝ። የለኝም ስላት «ታዲያ ያለ አውራ እንዴት ይሆናል? ጤነኛ አይደለም» አለች። አለኝ ብላት ኖሮ ጫጩት አለበት ልትለኝ ነበር። በየትም ብዞር አላመልጣትም።

መጀመሪያ መጀመሪያ እስቅ ነበር። አንቺ ብትኖሪ እንዴት እንደምትስቂ እያሰብኩ ብቻዬን እስቅ ነበር። በኋላ ግን እንቁላሉን ትተው እጄን ማየት ጀመሩ። ጠጋኟ ቂጣ ቆርሼ ስሰጣት «ታጥበሻል?» ትለኛለች። ቀኑን ሙሉ ሳሙና ውስጥ የሚውል እጅ እኮ ነው። ያኔ ሳቁ አለቀብኝ።

ልጄም ባሰችብኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗታል፣ ቁመቷ እኔን ሊደርስ ነው። ድሮ እንቁላሉን የምታነሳው እሷ ነበረች፤ ለአምስቱም ስም አውጥታላቸው ነበር። አንድ ቀን እንቁላል በዳቦ አድርጌ የቋጠርኩላትን ምሳ እንዳለ መለሰችው። አስኳሉ በጣም ቢጫ ነው፣ የታመመ ዶሮ ነው፣ ዶሮ ዶሮ ይሸታል ብለው የክፍሏ ልጆች ከጠረጴዛው ተነስተውባታል። «እማዬ፣ ከእንግዲህ እንደ ሰው ልጅ የሱቅ እንቁላል ስጪኝ» አለችኝ። ሰጠኋት።

እንቁላሌን የሚበላ አንድ ሰው ብቻ ቀረ። ፎቅ ላይ፣ መጨረሻው ክፍል ያሉ አሮጊት ናቸው፤ አርባ ዓመት ስላስተማሩ እማማ ጠመኔ እላቸዋለሁ፣ እሳቸውም ስሙን ወደውታል። ምግብ አልበላ ብለው አጥንታቸው ብቻ ቀርቶ ነበር። አንድ ጠዋት የታጠበ ቢጃማቸውን ይዤ ወጥቼ ስለ ዶሮዎቼ ሳወራቸው ቀና አሉና «ላባ አለበት?» አሉኝ። በማግስቱ ከነላባው ወሰድኩላቸው፣ አይተው ካበቁ በኋላ እዚያው ፎቅ ላይ ባለው የሻይ ማፍያ ቀቀልኩት፤ ነጩ የረጋ፣ አስኳሉ የላላ። ቅርፊቱን ራሳቸው በማንኪያ ሰበሩት። ከዚያ ወዲህ እንቁላል ሳይበሉ ቀን አላለፋቸውም። ጉንጫቸው ሞላ፣ ነርሶቹን መቆጣት ጀመሩ። እኔም ፎቅ ስወጣ ሰው የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

አለቃዬ ነገሩን ታውቃለች። ሴትየዋ ስለበሉልን አይቼ እንዳላየሁ እሆናለሁ አለችኝ። አንድ ቀን ግን እንቁላሉን የጠቀለልኩበትን ጨርቅ ገልጣ የኩሱን ነጠብጣብ በእስክሪብቶዋ ጫፍ አሳየችኝና «ቢያንስ ንጹሕ ይሁን እንጂ» አለች። ጠጋኟም ሹፌሩም ቆመው ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ።

አሁን የምነግርሽን ቀስ ብለሽ አንብቢው። የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ አንቺን ላስደስት ብዬ እንቁላሎቹን በሙሉ አጥቤ ስጠብቅሽ እጄን ቸብ ያደረግሽኝን ታስታውሺያለሽ? ዶሮዋ ያለበሰችውን አትግፈፊው፣ ውሃ የነካው ቶሎ ይበላሻል አልሽኝ። የቆሸሸውን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ፣ የሚታጠበውን ደግሞ ወዲያው መብላት። አልረሳሁትም። አንድም ቀን አልረሳሁትም። አለቃዬ ባሳፈረችኝ ቀን ግን ቤቴ ገብቼ የተጠራቀመውን ስምንት እንቁላል በሙቅ ውሃና በሳሙና፣ የሸሚዝ ኮሌታ በምንፈትግበት ብሩሽ ፈተግኳቸው። ሹፌሩ የጣለውን የሱቅ ካርቶን ፈልጌ ደረደርኳቸው። በማግስቱ ጠጋኟ አየችና «አሁን ገና እንቁላል መሰለ» አለች። ደስ አለኝ እታለም። እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግርሽ አልችልም።

የወጥ ቤቱ ማቀዝቀዣ ከውጭ የመጣ ምግብ አይቀበልም። ካርቶኑን ከማድረቂያዎቹ በላይ ካለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። ሁለቱን በሁለት ቀን አበላኋቸው። ከዚያ ልጄን ጉንፋን ጥሏት ስምንት ቀን ቤት ዋልኩ። ስመለስ የቆሸሸው አንሶላ እስከ በሩ ተቆልሎ ጠበቀኝ፤ እማማ ጠመኔም ከሄድኩ ወዲህ ቁርስ እንዳልበሉ ነርሷ ነገረችኝ። እየተጣደፍኩ ከካርቶኑ አንዱን አንስቼ ወጣሁ። ቢሸትም እኔ ሳሙና እንጂ ሌላ ሽታ ካላወቅሁ ቆይቻለሁ። እንደ ወትሮው ለስለስ አድርጌ ቀቀልኩላቸው። የመጀመሪያውን ማንኪያ ሲጎርሱ ቆም አሉ። አዩኝ። እኔም ፈገግ ብዬ አየኋቸው። ከዚያ ጨርሰው በሉት።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ማስመለስ ጀመራቸው። ሦስት ቀን ትኩሳቱ አልወርድ ብሎ ሆስፒታል ገቡ። እኔ ያን ሰሞን አንሶላቸውን ነው ያጠብኩት፤ ማን ያጥበዋል ሌላ? አለቃዬ ምን እንደበሉ ስትጠይቀኝ ሁሉንም ነገርኳት፣ መደርደሪያውንም ሳይቀር አሳየኋት። ክፉ ሰው አይደለችም፣ ሥራሽን አልነካም አለችኝ። ከቤት የመጣ ምግብ እንዳይገባ የሚል ወረቀት ግን በራችን ላይ ተለጠፈ።

ጠጋኟ «ብዬ ነበር፣ የዶሮ ነገር» አለች። ዶሮዎቹ ምንም አላደረጉም፣ ያበላሸው ውሃውና ሙቀቱ ነው፣ ያጠብኩት ደግሞ እናንተን ብዬ ነው አልኳት። «ታጥቦ እንዲህ የሆነ ሳይታጠብማ ምን ሊሆን ነበር!» አለችኝ። ሹፌሩ ግን አዘነልኝ። «አይዞሽ፣ ሳታውቂ ያደረግሽው ነው» አለኝ። እሱ ነው የገደለኝ። እኔ እኮ አውቃለሁ። በዚያ ሕንፃ ውስጥ ይህን የሚያውቅ ሰው ቢኖር እኔ ብቻ ነበርኩ።

እማማ ጠመኔ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ፤ አልጋው ውስጥ ሰው ያለ አይመስልም። ቢጃማቸውን ይዤ ገባሁና እግራቸው ሥር ተንበርክኬ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። እጄን ያዙኝ። መጥፎ እንደሆነ በመጀመሪያው ማንኪያ አውቀውት ነበር። «ቆመሽ እያየሽኝ እንዴት ልትፋው?» አሉኝ። ለእኔ ብለው ነው የዋጡት እታለም፤ እኔ ለሰው አፍሬ አጠብኩት፣ እሳቸው ለእኔ ይሉኝታ ይዟቸው በሉት። እዚያው እንዳለሁ ቁርሳቸው መጣ፤ ተልጦ የቀዘቀዘ ደረቅ እንቁላል። እማማ ጠመኔ ወደ እኔ ሳያዩ አስተናጋጇን «ከሱቅ ነው አይደል?» ብለው ጠየቁ። ነው ስትላቸው መብላት ጀመሩ። ቢጃማውን ወንበሩ ላይ አድርጌ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ዶሮዎቹን ማየት አስጠላኝ። ማረድም አልቻልኩም፣ ልጄ «ስትሄድ ያየኋትን ዶሮ አልበላም» ብላ አለቀሰች። ከከተማ ወጣ ብሎ አትክልት የምታመርት ሴት አለች፤ መጥታ አምስቱንም እግር እግራቸውን ይዛ ሣጥን ውስጥ ከተተችና ሄደች። የዚያኑ ቀን ለእራት ልጄ ከሱቅ የተጠበሰ የዶሮ እግር አስገዛችኝ። አጥንቱን እስኪነጣ ድረስ ጋጠችው። አጥንቱን ሰብስቤ ጣልኩ።

በማግስቱ የዶሮ ቤቱን ላፈርስ ጓሮ ወጣሁ። ገለባውን ሳነሳ አንድ እንቁላል ቀርቷል፤ ኩስ ነክቶታል፣ ትንሽ ላባም አለው። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ እንደ ደንቡ በደረቅ ጨርቅ ጠርጌ፣ ቀቅዬ፣ ወጥ ቤት ቆሜ ቅርፊቱን ሰበርኩት። የትናንት እንቁላል ነው፣ ምንም አልሆነም፣ አስኳሉ አንቺ የምታውቂው ቢጫ ነው። ማንኪያውን አነሳሁ። አፌ አልከፈት አለኝ። በየት በኩል እንደወጣ አሰብኩ። እኔ! ያንን ስበላ ያደግሁት፣ ከዶሮዋ ሥር ሳነሳ መዳፌን የሚያሞቀኝ እኔ! ገንዳው ውስጥ ደፋሁት፤ ከዚያ እጄን ታጠብኩ። ሁለት ጊዜ ታጠብኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሲነግሩኝ አልሰማኋቸውም ነበር፤ ያን ቀን ግን እንደ እነሱ ሆንኩ።

ይህን ለእማዬ አታንብቢላት። ዶሮዎቹ ቀበሮ በላቸው በያት፣ እሱን ትረዳዋለች። ትራሷን ከፍ አድርጊላትና ግንባሯን ሳሚልኝ። ወንድም ጋሼን ሰላም በይልኝ፤ ባለፈው የላከልኝ ሹራብ እጅጌው ረዘመ እንጂ ሞቆኛል። ትልቋን ጉንጯን ቆንጥጠሽ ሳሚልኝ፣ መልስ ከሰጠችሽ ደግመሽ ቆንጥጫት። ትንሿ እንቁላል በቀሚሷ ሰብስባ ስትመጣ ቀሚስሽን አቆሸሽሽ ብለሽ እንዳትቆጫት አደራ፤ ሰው ፊትም ቢሆን እንዳትቆጫት። የጎን ጎረቤትሽንም ጠይቂልኝ።

የዓመት ፈቃዴን ሲሰጡኝ ልጄን ይዤ እመጣለሁ። አንቺን አውቅሻለሁ፤ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ከዶሮዋ ሥር ትኩሱን አንስተሽ በእጄ ታስይዢኛለሽ። እቀበልሻለሁ። እንደያዝኩት ከቆየሁ ግን ልጆቹ ፊት ምን ሆንሽ ብለሽ አትጠይቂኝ። ዝም ብለሽ ከእጄ ውሰጂና አንቺ ብዪልኝ።

የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ

ከልብስ ማጠቢያው ክፍል፣ በምሳ ሰዓት
ጥር ፲፱ ቀን