የስምንት ዓመት ኮንትራት

ቅዳሜ፣ መጋቢት 12

ወንድሜ ኪሩቤል ዛሬ ከሚኖርበት ከግሬፕቫይን ከተማ የመጣው ሐኪሙ ያለውን ለአባዬ ሊነግረው ነበር። ካንሰሩ ጉበቱ ላይ ስለደረሰ ከእንግዲህ ሕክምና የለም። "ወንድ ልጁ እኔ ነኝ፣ እኔ እነግረዋለሁ" ያለውም ራሱ ነው።

ገብቶ እንደተቀመጠ ግን የበረዶ ላይ ሆኪ ወሬ ጀመሩ። አባዬ እዚህ አገር እንደመጣ በሆኪ ስታዲየም ፓርኪንግ ሲሠራ የለመደው ጨዋታ ነው፤ ኪሩቤልንም ያስለመደው እሱ ነው። የቡድናቸው ኮከብ ኮንትራቱ ሊያልቅ ስለሆነ ክርክሩ ጦፈ።

"ስምንት ዓመት ያስፈርሙት" አለ አባዬ።

"ኧረ አባዬ፣ ቡድኑ ለተጫዋቾቹ የሚከፍለው የደመወዝ ጣሪያ አለው እኮ! ለሱ ያን ሁሉ ከከፈሉ ወጣቶቹን በምን ያስቀራሉ? ደግሞ መጨረሻ ላይ ያረጃል። ለማይጫወት ሰው ለምን ይከፈላል?"

"ጉልበቱን የጨረሰው ለነሱ አይደል? ሲደክም ይጣል ነው የምትለው?"

ኪሩቤል "ስልክ ላንሳ" ብሎ ወጣ። ስከተለው መኪናው ውስጥ መሪውን ይዞ ያለቅሳል።

"አልቻልኩም፣ አንቺ ንገሪው" ብሎኝ ሄደ። ተናደድኩበት፣ አሳዘነኝም።

ተመልሼ ስገባ አባዬ ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ በሩን በሩን ያያል።

"ሐኪሙ ደውሏል አይደል?" አለኝ።

ብርድ ልብሱን አስተካከልኩለት። ሾርባ ላሙቅልህ ወይ አልኩት።

"አሙቂው" አለኝ። ሁለተኛ አልጠየቀኝም።